ስም ያልተጻፈበት ወረቀት

በመምህርነት ዘመኔ ካረምኋቸው ወረቀቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከግማሽ ሉክ አይበልጥም፤ ስም አልተጻፈበትም፤ ማርክም አልሰጠሁትም። ስለ አንድ ልብ ወለድ አስተያየት እንዲሆን የተጻፈ ነበር፤ ዳሩ ግን ጸሐፊው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም ጠየቀ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአንዲት ትንሽ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። በክፍሌ ውስጥ ስድሳ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከጥቂት መደርደሪያዎች የማይበልጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው የሚነካቸው ሰው ጠፍቶ አቧራ ለብሰው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ከእነዚህ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አነሣሁና ወደ ቤቴ ወሰድሁ። በዚያች ሌሊት የከተማው መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር በሻማ ጀመርሁት፤ ሁለተኛውን ሻማ እስክለኩስ ድረስም አላስቀመጥሁትም። በማግስቱ ለተማሪዎቼ «ከእንግዲህ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ ታሪክ በአማርኛ አወራችኋለሁ» አልኋቸው። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የተማሪ ልብ ወደ ቤቱ እንደሚሸፍት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው ዓርብ ጀምሮ ደወል ሲደወል ከቦታው የሚነሣ ተማሪ ጠፋ።

የመጽሐፉ ስም «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» ይባላል። ግሪን ጌብልስ ታሪኩ የሚፈጸምበት ቤት ስም ሲሆን፣ የጣሪያው ጫፍ አረንጓዴ የሆነ ቤት እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ሉሲ ሞድ ሞንትገመሪ እ.ኤ.አ. በ1874 በካናዳ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ተወለደች። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባት። አባቷም ከእናቷ ወላጆች ዘንድ ትቷት ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄደ፤ እርሷም በአያቶቿ ቤት አደገች። ካደገችም በኋላ በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች መምህርት ሆና ሠርታለች። ይህን ልብ ወለድ ጽፋ ብትጨርስም አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱባት። እርሷም ተስፋ ቆርጣ ረቂቁን በባርኔጣ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከጊዜ በኋላ ግን አውጥታ እንደገና አነበበችውና ለሌላ አሳታሚ ላከችው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1908 ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በጃፓን ሃናኮ ሙራኦካ የተባለች ተርጓሚ ያዘጋጀችው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ፤ ይህም ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ ያስቀረው ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የጃፓን አንባቢዎች ይህችን ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ ወደዷት፤ የደራሲዋን ደሴት ለማየትም ውቅያኖስ አቋርጠው የሚሄዱ አሉ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ማቲውና ማሪላ ከዝበርት ያላገቡ ወንድምና እኅት ናቸው። ማቲው ስድሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ልቡም ደክሟል። ስለዚህ በእርሻ ሥራ የሚያግዘው ወንድ ልጅ ከሕፃናት ማሳደጊያ እንዲመጣላቸው በሰው ይልካሉ። መልእክቱ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሳሳታል። ማቲው ልጁን ለመቀበል በጋሪ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄድ የሚጠብቀው ወንድ ሳይሆን ቀጭን፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ጸጉሯ ቀይ የሆነ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃገረድ ሆና ያገኛታል። ስሟ አን ሸርሊ ነው። አባትና እናቷ ሁለቱም መምህራን ነበሩ፤ ነገር ግን ሦስት ወር ሲሆናት በንዳድ ተከታትለው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ያደገችው በሁለት ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ በሁለቱም የሌሎችን ልጆች ስታዝልና ስታባብል ኖረች። በሁለተኛው ቤት ሦስት ጊዜ መንታ ተወልዶ ነበር። በመጨረሻም የሚያስጠጋት ሰው ሲጠፋ ወደ ማሳደጊያው ተወሰደች።

ማቲው ልጅቷን ከጣቢያው ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ይዟት ሲመጣ ማሪላ ደነገጠች። በማግስቱም ልጅቷን ለመመለስ ይዛት መሄዷን፣ በኋላም ሐሳቧን ለውጣ አብራት መመለሷን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገርኋቸውና ተማሪዎቼን ወደሚያስቁት ታሪኮች ተሻገርሁ። ጊልበርት የተባለው ልጅ በጸጉሯ ቢቀልድባት የጽሕፈት ሰሌዳዋን በራሱ ላይ መስበሯን፣ ጸጉሯን ጥቁር ላድርግ ብላ በቀለም አረንጓዴ አድርጋ መምጣቷን፣ ጓደኛዋን ዳያናን ጭማቂ እጋብዛለሁ ብላ ሳታውቅ በወይን ጠጅ ማስከሯን ሳወራ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻም በትምህርቷ ብልጫ አግኝታ ነጻ የኮሌጅ ዕድል እንደ ተሰጣት፣ በዚያው ሰሞን ባንኩ ከስሮ የቤተሰቡ ገንዘብ እንደ ጠፋ፣ ማቲውም ወሬውን በጋዜጣ እንዳነበበ ወድቆ እንደ ሞተ ነገርኋቸው። አንም ዓይኗ የደከመባትን ማሪላን ብቻዋን ጥላ ላለመሄድ ስትል የተሰጣትን ዕድል ተወች፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ቀረች። ያን ዕለት የሳቀ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ሰኞ እያንዳንዱ ተማሪ በግማሽ ሉክ ወረቀት ስለ መጽሐፉ ያለውን አስተያየት ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝሁ። «አስተያየት ማለት ወደድሁት ወይም ጠላሁት ብሎ ማቆም አይደለም» አልኋቸው። «ምን እንዳሰባችሁ ግለጹ፤ ለምን እንዳሰባችሁት ምክንያት ስጡ፤ ለምክንያታችሁም ከታሪኩ ውስጥ ማስረጃ አምጡ። ከእኔ አሳብ ጋር መስማማት ግዴታችሁ አይደለም።» ይህን የመጨረሻውን ቃል ምን ያህል እንደሚፈጽሙት ግን አልገመትሁም ነበር።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳነብ አንዱ ታሪክ በስድሳ ሁለት ዓይን ሲታይ ምን ያህል እንደሚለያይ አየሁ። የብዙዎቹ ክርክር በታሪኩ ፍጻሜ ላይ ነበር። አንድ ብርቱ ተማሪ፣ «አን ተሳስታለች። ትምህርቷን ጨርሳ ብትመለስ ማሪላን የበለጠ ትረዳት ነበር። የሰው ውለታ የሚመለሰው በድህነት አብሮ በመቀመጥ አይደለም» ሲል ጻፈ። ከኋላው የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ፣ ሳይነጋገሩ እንደ ተነጋገሩ ሁሉ፣ «ኮሌጁ ነገም አለ፤ ማሪላ ግን የምትፈልጋት ዛሬ ነው። በሰው ቤት ሆና የተቀበለችውን እንክብካቤ በራሷ ፈቃድ መመለሷ ከእንግድነት አወጣት» ብላ ጽፋለች። ሁለቱም ማስረጃ አቅርበዋልና ለሁለቱም እኩል ማርክ ሰጠሁ።

አንዳንዶቹ ቀለል ያለውን ጉዳይ መረጡ። «ቀይ ጸጉር ምን ያስጠላል? በእኛ ከተማ ቢኖር ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ነበር» ያለ ተማሪ ነበር። አንዲት ተማሪ ግን ይህንኑ ጉዳይ ጠለቅ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ የማይወደው አንድ ቀይ ጸጉር እንዳለውና የእርሷ ቁመቷ መሆኑን ገለጸች።

ስለ ማሪላ የጻፉትም ጥቂት አልነበሩም። በመጽሐፉ ውስጥ የማሪላ የደረት ጌጥ የሚጠፋበት ምዕራፍ አለ። ማሪላ ጌጡን የነካችው አን ብቻ ናት በማለት፣ እስክታምን ድረስ ከክፍሏ እንዳትወጣ ትቀጣታለች። ልጅቷም የምትጓጓለት የሽርሽር ግብዣ እንዳያመልጣት ስትል ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ የሐሰት ኑዛዜ ትፈጥራለች። በኋላ ግን ጌጡ በማሪላ በራሷ የትከሻ ልብስ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንድ ዝምተኛ ተማሪ ስለዚህ ምዕራፍ ሲጽፍ፣ «በቤት ውስጥ ዕቃ በጠፋ ጊዜ የሰው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው ከውጭ በመጣው ልጅ ላይ ነው። ማሪላ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሆኖም መጀመሪያ መፈለግ የነበረባት ጌጡን እንጂ ጥፋተኛን አልነበረም» አለ። ይህን ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አሰመርሁበት፤ ከዚህ የተሻለ ሒስ እኔም ልጽፍ አልችልም ነበር።

የገበሬ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ደግሞ ለማቲውና ለማሪላ ጥብቅና ቆመ። «መምህራችን ሲያወሩልን ወንድ ልጅ መፈለጋቸው እንደ ጥፋት ይመስላል። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ እርሻውን በማን ያርሳል? የጉልበት እጥረት ያለበት ቤት ጉልበት ቢፈልግ አይፈረድበትም» ሲል ጻፈ። ይህም አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። እንዲያውም በዚያ ዘመን ነገሩ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ችግረኛ ልጆች ከብሪታንያ ወደ ካናዳ ተልከው በየእርሻውና በየቤቱ ተደልድለዋል። ከእነርሱም መካከል እንደ ልጅ የታዩ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እንደ ጉልበት ብቻ ተቆጠሩ። ማቲውና ማሪላም ልጅ ለማስመጣት ባሰቡ ጊዜ ከእነዚህ ልጆች አንዱን መውሰድ በመካከላቸው ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ደራሲዋ የጻፈችው ተረት ሳይሆን፣ በዙሪያዋ ይታይ ከነበረው ኑሮ የተቀዳ ነገር ነው።

እንዲህ እያነበብሁ ወደ ክምሩ መጨረሻ ስደርስ ያ ወረቀት ወጣ። ስሙ መጻፍ በሚገባው ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። የተጻፈው ይህ ነው፦

«መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፤ ግን አላምነውም። አን ንግግር ታውቃለች፤ በትምህርቷ አንደኛ ትወጣለች፤ የጓደኛዋን ታናሽ እኅት ከሞት ታድናለች። ስለዚህ ሁሉም ይወዷታል። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ችሎታ የሰጠቻት እኛ እንድንወዳት ብላ ይመስለኛል። ንግግር የማታውቅና ፈተና የምትወድቅ ብትሆን ኖሮ በዚያ ቤት ትቆይ ነበርን? እኔም የምኖረው በዘመድ ቤት ነው። አልበደሉኝም። ይሁን እንጂ እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ልጆች በስማቸው ሲጠሩ፣ ስለ እኔ ‹እናሳድግ ብለን ነው› ይባላል። ሌሎች ሳይነሡ ተነሥቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ ማንም አላዘዘኝም። የክፍል ደረጃዬ አርባ አንደኛ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ልጅ እንዲቆይ ምን ማድረግ አለበት?»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የእጅ ጽሑፉን ከደብተሮች ጋር ባስተያይ፣ ወይም የደረጃ መዝገቡን ገልጬ አርባ አንደኛውን ብፈልግ ባለቤቱን ለማግኘት ብዙ አልደክምም ነበር። እንዲያውም አንዱን ደብተር አነሣሁ። ነገር ግን ስሙን ያልጻፈ ሰው መልስ እንጂ ምርመራ እንዳልጠየቀኝ ተገነዘብሁና መልሼ አስቀመጥሁት።

ያን ያህል የነካኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔም በሰው ቤት ነው ያደግሁት። አባትና እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞቱ የእናቴ የአክስት ልጅ ወደ ከተማ ወስዳ አስተማረችኝ። እታለም እላት ነበር። እታለም ፊደል አልቆጠረችም፤ ጠላ ሸጣ ነበር የምታስተዳድረን። በየዓመቱ መጨረሻ የደረጃ ካርዴን አምጥቼ አነብላታለሁ፤ አንደኛ ወይም ሁለተኛ መውጣቴን ስትሰማ ትመርቀኛለች። እኔም በልቤ ለከርሞ የምበላው እንጀራ የተከፈለልኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳብ ማንም አልነገረኝም፤ እታለምም ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ዳሩ ግን የሰው ቤት ልጅ ሒሳቡን ራሱ ያሰላል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወባ ይዞኝ ብዙ ትምህርት ስላመለጠኝ አሥራ ዘጠነኛ ወጣሁ። ካርዱን ጎታ ሥር ደበቅሁና አልተሰጠንም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ እታለም እህል ልታወጣ ስትሄድ አገኘችው። ይዛ መጥታ ከፊቴ አኖረችውና «አንብብልኝ» አለች። አንብቤ ከማብቃቴ በፊት ድምፄ ተቆራረጠ። እታለም ካርዱን ከእጄ ወስዳ እንደ ወትሮው ሣጥኗ ውስጥ ከሌሎቹ ካርዶች ጋር አስቀመጠችውና፣ «እራትህ ቀዘቀዘ፤ ና ብላ» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገረችም። እኔ ግን በዚያች ሌሊት እንጀራው በደረጃ የሚለካ አለመሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ።

ታዲያ ለዚያ ወረቀት የምሰጠውን መልስ ለመፈለግ መጽሐፉን እንደገና ገለጥሁ፤ ያን ጊዜም የራሴን ጥፋት አገኘሁ። በሁለት ዐረፍተ ነገር ያለፍሁት ምዕራፍ የጥያቄው መልስ ያለበት ምዕራፍ ነበር። ተማሪዎቼን ለማሣቅ ስቸኩል የታሪኩን ምሰሶ ዘልዬዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስለ ወረቀቱ ምንም ሳልናገር፣ «አንድ የዘለልሁት ምዕራፍ ስላለ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብዬ ጀመርሁ። ማሪላ ልጅቷን ለመመለስ በጋሪ ይዛት የሄደችው ነገሩን ወዳስተላለፈችው ሴት ቤት ነው። እዚያም ሳሉ ብዙ ልጆች ያሏት፣ በቁጣዋና በገብጋባነቷ የታወቀች አንዲት ጎረቤት ትመጣለች። ይህች ሴት ለሕፃን ልጇ ሞግዚት ትፈልግ ነበርና አንን ከእግር እስከ ራሷ ትመረምራታለች፤ ዕድሜዋን ትጠይቃለች፤ ብትወስዳት ለምትበላው ያህል መሥራት እንደሚገባት ታስታውቃታለች። እንግዲህ ለማሪላ ችግሩ ሁሉ ተቃለለላት ማለት ነው፤ ልጅቷን የሚረከብ ሰው ተገኝቷል። ነገር ግን ማሪላ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ የገረጣ ፊቷን አየች። ካመለጠችበት ወጥመድ ተመልሳ የተያዘች ፍጥረት መሰለቻት። በዚያች ቅጽበት ፊቷን አይታ እንዳላየች ብትሆን እስከ ዕለተ ሞቷ እንደማይለቃት ተሰማት። ስለዚህ ገና አልቆረጥንም የሚል ሰበብ ሰጥታ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች።

«አሁን ልብ በሉ» አልኋቸው። «በዚህ ጊዜ አን ፈተና አላለፈችም፤ ማንንም ከሞት አላዳነችም፤ ለማሪላ የሠራችላት ምንም ነገር የለም። በቤቱ የቆየችው በምን ምክንያት ነው ትላላችሁ?»

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ማቲው እኮ ገና ከባቡር ጣቢያው ሲመጡ ንግግሯን ወዶታል። ስለዚህ ያዳናት ንግግሯ ነው፤ ይህም ችሎታ ነው» አለ። ይህ ጠንካራ ክርክር በመሆኑ መልሱን ከመስጠት ተቆጠብሁ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ተማሪ ተነሥታ፣ «ማሪላ ግን ንግግሯን አልወደደችውም፤ እንዲያውም ዝም በይ ትላት ነበር። ሆኖም ከዚያች ሴት እጅ ያስጣለቻት ማሪላ ናት። ስለዚህ ያቆያት ንግግሯ ሳይሆን ፊቷ ላይ የታየው ነገር ነው» ስትል መለሰች። ሌላው ደግሞ፣ «ማቲውም ቢሆን ስለ እርሻው አላሰበም። ልጅቷ ምን ትሠራልናለች በማለት ፋንታ እኛ ምን እናደርግላታለን ብሎ ነው የተነሣው» ሲል ጨመረበት። ደወሉ ሲደወል ክርክሩ አላለቀም ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ እየተሟገቱ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፉ ውጭም ሳስበው ኖሬአለሁ። የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሮሞዎች ጉዲፈቻ ይሉታል፤ ቃሉም ወደ አማርኛ ገብቶ የሕግ ቃል እስከ መሆን ደርሷል። በአማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ ጡት ተጣብቶ የጡት ልጅ መሆን የቆየ ልማድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ ፍርድ ቤትም ስምምነቱን ከማጽደቁ በፊት ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ተከለከለ፤ ስለዚህም ወላጅ ያጡ ልጆችን የማሳደጉ ኃላፊነት ይበልጡን በእኛው ላይ ወደቀ። እንግዲህ ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው የማቲውን ጥያቄ ነው፤ ልጁ ለቤቱ ምን ይጠቅማል ሳይሆን፣ ቤቱ ለልጁ ምን ይጠቅማል የሚለውን። ይሁን እንጂ በዘመድ ቤት የሚያድጉት ብዙዎቹ ልጆች ፍርድ ቤት የሚባለውን ደጃፍ አያውቁትም። ለእነርሱ ውሉ የሚጻፈው በየዕለቱ፣ በማዕድ ላይና በእንግዳ ፊት በሚነገር ቃል ነው።

ወረቀቶቹን የመለስሁት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስም በሌለው ወረቀት ግርጌ፣ ማርክ በሚጻፍበት ቦታ፣ ይህን ጻፍሁ፦ «ይህ ጥያቄ ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ዓርብ ዕለት ክፍሉ በሙሉ የተከራከረው በዚሁ ላይ ነበር። እኔም በሰው ቤት ነው ያደግሁት፤ አሥራ ዘጠነኛም ወጥቼ አውቃለሁ። አንድ ልጅ እንዲቆይ ልጅ መሆኑ ይበቃል።»

ስሞችን እየጠራሁ ወረቀቶቹን ካደልሁ በኋላ የቀረችውን አንዲት ወረቀት ጽሑፏን ወደ ታች አድርጌ በጠረጴዛዬ ጥግ ላይ አስቀመጥኋት። «ስሙን የረሳ ሰው ካለ ሲወጣ ይውሰድ» አልሁና፣ ለማንም ዓይን ላለመስጠት ስል ጥቁር ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርሁ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ እየተጋፉ ሲወጡ ይሰማኛል። ሰሌዳውን ከሚያስፈልገው በላይ አጠፋሁት። ድምፃቸው ርቆ ከሄደ በኋላ ዞር ብዬ ስመለከት ወረቀቷ በቦታዋ አልነበረችም።

መልመጃ

ምንባቡን በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በራሳችሁ አባባል መልሱ።

1. ጸሐፊው አስተያየት በሚሰጥበት ጊዜ መሟላት አለባቸው ያላቸው ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?

2. ስም ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ ያለው ተማሪ መጽሐፉን «አላምነውም» ያለው ለምንድን ነው? ያቀረበውስ ማስረጃ ምንድን ነው?

3. ጸሐፊው «የሰው ቤት ልጅ ሒሳቡን ራሱ ያሰላል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

4. መምህሩ የወረቀቱን ባለቤት ለማወቅ አለመፈለጉ ትክክል ነው ትላላችሁን? በቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

5. አን የተሰጣትን የኮሌጅ ዕድል መተዋ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? አሳባችሁን በምክንያትና በማስረጃ አስደግፋችሁ በግማሽ ሉክ ጻፉ።